ደብዳቤዎቹ እስኪሻገሩ

ሰገነት ደብዳቤዎቿን በሰው እጅ ለመስጠት ፈጽሞ አልወደደችም። ይሁን እንጂ ከሐይቁ ዳር ያለው መሥሪያ ቤቷ አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች በሙሉ ለንብረት ክፍል እንዲመለሱ፣ የሠራተኛውም ኢሜይል ከየማሽኑ ወጥቶ በኢንተርኔት ወደሚከፈተው አዲስ አድራሻ እንዲዛወር አዘዘ። የእርሷ ማሽን ከሁሉም አሮጌ ነበረች። የመጣውን መልእክት ሁሉ ወደ ራሷ ሆድ ትስባለች፤ አንድ ጊዜ ከሳበችው በኋላ በሌላ ሥፍራ ቅጂ አይቀርም።

በዚያች ማሽን ውስጥ የሀብተ ሥላሴ ደብዳቤዎች ነበሩ። ሀብተ ሥላሴ ጅማ ለትምህርት በሄደባቸው ሁለት ዓመታት ሳያሰልስ ሲጽፍላት ኖሮ፣ ለሠርጋቸው ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ የሞተ እጮኛዋ ነው። ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ልብሱን እናቱ ወስደዋል፤ የተቀበረውም ደቅ ደሴት፣ አባቱ በሚያገለግሉበት ደብር ነው። ለሰገነት የቀራት ያ ጽሑፍ ብቻ ነበር።

ሊያዛውር የመጣው መልካሙ የሚባል የመሥሪያ ቤቱ ወጣት ባለሙያ ነው። በቅርብ ያለችው የመሸንቲ ከተማ ልጅ፣ ንግግሩ ቁጥብ፣ በጥንቃቄው የተመሰገነ ሰው ነበር፤ የሠራውን ሁለት ጊዜ ሳያይ ከወንበሩ አይነሣም ይባልለታል።

«ወይዘሪት ሰገነት፣ ይህ ሁሉ የሥራ ጉዳይ ነው?» ሲል ጠየቃት፣ የመልእክቱን ብዛት አይቶ።

«አይደለም።»

«እርስዎስ ይሻላሉ። የሥራ አስኪያጁን ሳዛውር ሰነበትሁ፤ የእንኳን አደረሰዎ መልእክት ብቻ አንድ ጎተራ ይሞላል። አንዲቱም እንዳትጠፋ ብለው አስማሉኝ።»

ሰገነት ሳታስበው ሳቀች። ወዲያውም ፊቷ ጠቆረ። «የእኔ የሟች ነው» አለችው።

መልካሙ እጁን ከማውዙ ላይ አነሣ። ከወንበሩም ተነሣላት። «እንግዲያውስ እርስዎ ይቀመጡ። እኔ ከጎን ሆኜ የሚደረገውን ልንገርዎት። አንድም ፊደል አላነብም።»

እንደ ቃሉም አደረገ። በዚያ ክረምት ኔትወርኩ ሲመጣ ሲጠፋ የሚውል ስለ ነበረ፣ በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሳምንታትን ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ይመጣል፤ ጥቂት ደብዳቤዎች ከአሮጌው ፎልደር ወደ አዲሱ ይጎትታሉ፤ ከዚያ ሁሉም ቀጥ ይላል። ሁለቱም አልንቀሳቀስ ያለውን ስክሪን እያዩ ይቀመጣሉ። ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ዝምታ ነው።

ቀስ በቀስ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። ከሥራ ሲወጡም በሐይቁ ዳር አብረው ይሄዱ ጀመር። የእምቦጭ አረም የሐይቁን ጠርዝ ሸፍኖት፣ ጀልባዎቹ አረንጓዴውን እየገመሱ ወደ ጥልቁ ሲወጡ ቆመው ያያሉ።

«ግን ለምን ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ታያለህ? ዓይንህን አታምነውም?» አለችው አንድ ቀን።

«አባቴ ገበያ ወርዶ አንድ ጊዜ አይቶ በሬ ገዛ። እቤት ሲደርስ በሬው ዕውር ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ሁለት ጊዜ ያላየ እራት አይሰጠውም።»

«ታዲያ እኔንስ ስንት ጊዜ አየኸኝ?»

«አንቺን እንኳ አላረጋገጥሁም፤ ገና እያየሁ ነው» አላት። እርሷም ወደ ውኃው ዞረች፤ ፈገግታዋን እንዳያይባት።

እናቷ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ግን በመስኮት ያዩ ነበር። «ያ የኮምፒውተሩ ልጅ ዛሬም እስከ በር ሸኘሽ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ከበር የሚያስመልሰው ምን አለ? ገብቶ እህል ይቅመስ እንጂ! ለሟቹ እንደ ሆነ አልቅሰሻል። ጥቁርሽንም ካወለቅሽ ቆየሽ። እኔም የልጅ ልጅ ሳላይ መሞቴ ነው።»

በሐምሌ መጨረሻ መልካሙ ከሐይቁ ዳር አቆማት። «እናትሽ ዘንድ ሽማግሌ ልላክ?» አለ በዝግታ።

ሰገነት ውኃውን አየች፤ እርሱን አየች፤ እንደ ገና ውኃውን አየች። «ደብዳቤዎቹ ይሻገሩና መልሱን እነግርሃለሁ። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ተንጠልጥሎ ሳለ ስለ ሌላ ሰው መነጋገር ነውር መስሎ ይታየኛል።»

«እሺ» አለ መልካሙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ግን ያ ዝግተኛ ሰው ችኩል ሆነ።

ነሐሴ ሲገባ ኔትወርኩ ጨርሶ ተቋረጠ። በዚያው ሰሞን ሰገነት ለሀብተ ሥላሴ ሙት ዓመት ወደ ደቅ ተሻገረች። ከወላጆቹ ጋር አስቀድሳ፣ አልቅሳ ስትመለስ ጠረጴዛዋ ባዶ ነበር። መልካሙ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ተሻገሩ?»

«ሁሉም! በአዲሱ ፎልደር ውስጥ አየኋቸው። ማሽኗንም አስረከብሁ።» ፊቱ እንደ ልጅ በርቶ ነበር።

«ኔትወርክ ሲመለስ አንድ ጊዜ ከፍቼ ልያቸው፤ ያን ጊዜ መልስህን ትሰማለህ» አለችው። አነጋገሯ ለስላሳ ነበርና መልካሙ መልሱን ከወዲሁ የሰማ መሰለው።

ኔትወርኩ የተመለሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ሰገነት አዲሱን ሣጥን ብቻዋን ሆና ከፈተችው። የመጀመሪያው ዓመት ደብዳቤዎች በተርታ ተደርድረዋል። የሁለተኛው ዓመት የለም። ስለ ሠርጉ የጻፈው የለም። ከመንገድ በፊት የላከው የመጨረሻው የለም። ወደ ላይ ሄደች፣ ወደ ታች ወረደች፤ በስሙ ፈለገች። የለም።

ተጠርቶ የመጣው መልካሙ አንድ ጊዜ አየ፤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም።

«ማሽኗ በአዲሱ ፎልደር ውስጥ ሆነው አሳየችኝ» አለ። «ለካ ያሳየችኝ ለመውጣት ተራ የሚጠብቁትን ነው፤ የደረሱትን አይደለም። ኔትወርክ አልነበረምና አልወጡም። እኔ ደርሰዋል ብዬ ዲስኩን ፎርማት አድርጌ አጠፋሁት።»

ንብረት ክፍል ደግሞ ማሽኗን ለመጋዘኑ ሠራተኛ ሰጥቶ፣ በዲስኩ ላይ ሌላ ሥራ ተጭኖበታል። መልካሙ ለምኖ ማሽኗን መልሶ ተቀበለ፤ ቀናት ሙሉ ታገለ፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «የኔትወርክ ነገር ነው፤ ማን ይወቀሳል?» አለ። ሥራ አስኪያጁም እንዲሁ አሉ። ወይዘሮ የሻሽወርቅም እንዲሁ አሉ። ሰገነት ግን አንድ ማታ መልካሙን ከሐይቁ ዳር ጠራችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። የሌላ ሰው ዲስክ፣ አዲሱን ሣጥን ከፍተህ ሳታረጋግጥ አጥፍተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ንብረት ክፍል ኔትወርክ እስኪመጣ አይታገሥህም ነበር?»

«ብጠይቃቸው ይታገሡኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅህም?»

ከበስተኋላቸው ባጃጆች በመንገዱ ያልፋሉ። መልካሙ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አገሩ ሁሉ ውሸቱን አዘጋጅቶለታል።

«እንዲያልቁ ፈለግሁ» አለ። «ላጠፋቸው አላሰብሁም፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል። ግን እንዲያልቁ ፈለግሁ። አንቺ ደቅ ሄደሽ ለእርሱ ስታለቅሺ፣ እኔ እዚህ ከደብዳቤው ጋር ብቻዬን ነበርሁ። ማረጋገጥ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ ግን አልጠበቀኝም።»

ሰገነት አላለቀሰችም። «መልሱ እሺ ነበር» አለችው። «ሽማግሌ ልላክ ባልኸኝ ዕለትም እሺ ነበር። ሟቹን ላክብር ብዬ ነው ያቆየሁት።»

«አሁንስ?»

«አሁን ባየሁህ ቁጥር የጠፋውን ፊትህ ላይ እፈልጋለሁ። አንተም ስፈልግ ታየኛለህ። በዚህ ላይ ቤት አይቆምም።»

«አላመንሽኝም ማለት ነው።»

«አምኜሃለሁ፤ መከራዬም እርሱ ነው። ኔትወርኩ ነው ብትለኝ ኖሮ አገባህ ነበር።»

ሰገነት ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አስፋልቱ ወጣች፤ እርሱም አልተከተላትም።

መልካሙ ዝውውር ጠይቆ በታኅሣሥ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ወይዘሮ የሻሽወርቅ ምክንያቱን ደጋግመው ጠየቁ፤ ሰገነት «ሥራ ነው» ከማለት በቀር የጨመረችላቸው የለም።

የቀሩትን ደብዳቤዎች ዛሬም ትከፍታለች። ሀብተ ሥላሴ ስለ ጅማ ዝናብ፣ ስለ ማደሪያው ጩኸት፣ ስለ ናፍቆቱ ይነግራታል። እርሷ ግን መስመሩን ስትከተል የሟቹ ድምፅ አይመጣላትም፤ የሚመጣባት ሕያው የሆነው፣ ደብረ ማርቆስ ያለው ሰው ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ማንበቡንም አልተወችም።