ከቁጡ በቀር ማንም አይንካ

«ጨመርሽልኝ?»

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ማዶ ነው። ቁጡ እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ ጣለች። ከምሳ ወዲህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። የጀመረችው የሒሳብ ጥያቄም አራተኛው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት የቆመበት ቦታ እንደተገተረ ነው።

«መጣሁ፣ አባባ።»

ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ሥር ሁለት ሳጥን አለ። ትልቁ አምፕሊፋየር ነው። ትንሹ የስፒከር ማከፋፈያ ነው፤ ከአንድ ሬዲዮ የሚወጣውን ድምፅ ለአራት ክፍል ያካፍላል። ፊቱ ላይ አራት ማዞሪያ ተደርድሯል፤ የሳሎን፣ የማድ ቤት፣ የአባባ ክፍል፣ የቁጡ ክፍል። የፈለገ ይጨምራል፣ ያልፈለገ ይቀንሳል። አባቷ ገዝቶ ያመጣው «ቀንሱት»፣ «ጨምሩት» የሚለው ጭቅጭቅ ስለመረረው ነበር። «ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም በልኩ ይሰማል» አለ። ቤቱ ሰላም ሆነ፤ ለግማሽ ቀን።

ከሰዓት በኋላ አባባ የራሳቸውን ክፍል እጨምራለሁ ብለው የአምፕሊፋየሩን ዋና ማዞሪያ እስከ ጥግ ወሰዱት። የማድ ቤቱ ስፒከር ጮኾ ጮኾ ተቃጠለ፤ እናቷ የያዘችውን ሰሃን ለቀቀችው። ሊጠግን የመጣው ቴክኒሻን ራሱን ነቀነቀና «ይሄ ዕቃ አንድ እጅ ብቻ ነው የሚፈልገው» አለ። የማን እጅ? መመሪያውን ያነበበች አንዲት ሰው ነበረች። ተሾመች። አባቷ በትልልቅ ፊደል ጽፎ ሳጥኑ ላይ በፕላስተር ለጠፈው፤ «ከቁጡ በቀር ማንም አይንካ»።

ሹመቱ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። በቀን አሥር ጊዜ መነሳት።

እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። ቁጡ ያሏት አባባ ናቸው፤ በሁለት ዓመቷ ማንኪያ ወርውራ ግንባራቸውን ስላገኘችው። አባባ የአባቷ አባት ናቸው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ሞተሩ የጆሯቸውን ግማሽ በልቶታል። በቀረችው ግማሽ ከጠዋት እስከ ማታ ሬዲዮ ይሰማሉ። ዜና፣ ኳስ፣ የአየር ሁኔታ፣ ማን ሞተ። ራት ላይ ደግሞ ሁሉንም ለቤተሰቡ መልሰው ይነግራሉ፤ ማስታወቂያው ሳይቀር። አንዴ ቁጡ በጆሮ ማዳመጫ ይሞክሩ ብላቸው ነበር። «ጆሮዬ ላይ ድስት አልደፋም» ብለው ዘጉት።

ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች። የአባባ ማዞሪያ ሲዞር ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሥራ ሁለት ቀጭ ነው። አሁን አሥር ላይ ነው። አሥር ላይ ሆኖ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። አሥራ አንድ ቢገባ እርሳሷም መሄድ ይጀምራል። የራሷ ማዞሪያ ዜሮ ላይ ከተቀመጠ ከረመ፤ ምን ዋጋ አለው፣ የአባባ ሬዲዮ ለሁለት ክፍል ይበቃል። የሒሳብ ፈተናው ደግሞ ሳምንት ብቻ ነው የቀረው።

ጣቷን ማዞሪያው ላይ አደረገች። አላዞረችውም።

«ጨምሬያለሁ፣ አባባ» ብላ ተጣራች።

«አሁን ገና ሰማሁ። ተባረኪ የኔ ልጅ።»

ቁጡ እንደተንበረከከች ቀረች። ምንም አልነካችም እኮ።

ከዚያ አንድ ቀጭ ወደ ኋላ አዞረችው። ጠበቀች። ማንም አልተጣራም።

በማግስቱ ስምንት ላይ አደረገችው። በማግስቱ ሰባት። ቅዳሜና እሑድ እንኳ አላረፈችም። በቀን አንድ ቀጭ፣ አንድ ብቻ፤ እንዲህ ሲሆን ጆሮ አይነቃም። ስድስት ላይ ግድግዳው ዝም አለ። አራተኛው ጥያቄ ተፈታ፤ ከሱ በኋላ ያሉትም ተከታትለው ወጡ። የፈተና ሰሞን ስለሆነ ከትምህርት ቤት የምትመጣው በምሳ ሰዓት ነው። አባቷ ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፣ እናቷ ፋርማሲ፤ ሁለቱም የሚገቡት አመሻሽ ላይ ነው፤ እነሱ ሲገቡ ሬዲዮው ይጠፋና ቴሌቪዥኑ ይከፈታል። ያየ የለም።

አምስት ላይ ሲደርስ አባባ ራሳቸው በሯ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ቁጡዬ፣ ይሄ ነገር ደከመ እኮ። እስቲ ትንሽ።»

«መጨረሻው ላይ ነው፣ አባባ። ከዚህ በላይ አይሄድም።»

«ነው እንዴ?»

«አዎ።»

ውሃ እንደመጠጣት ቀላል ነበር። አባባ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ። «እንግዲያ ዕቃው አይደለማ» አሉና ሄዱ። ቁጡ ያን ጊዜ ገና ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። አንድ እኩልታ ግማሽ ላይ ነበረች።

የገባት ረቡዕ ራት ላይ ነው። ማዞሪያው ሦስት ላይ ደርሷል። አባባ ሹካቸውን አስቀመጡና «ጆሮዬ ሄዷል» አሉ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው።

«ምን ማለት ነው ሄዷል?» አለ አባቷ።

«ሬዲዮው ጥግ ላይ ነው፤ እኔ ግን ዝንብ ነው የምሰማው። ግማሿም አለቀች።»

እናቷ ተነሳች። ቴሌቪዥኑን አጠፋች፣ ሬዲዮውን ከፈተች፣ በቀጥታ ማድ ቤት ገባች። ማድ ቤት። የአባባ ክፍል ሳይሆን ማድ ቤት። ተመልሳ መጥታ ለአባቷ በጆሮው፣ «ሬዲዮው ደህና ነው፤ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው። ምስኪን» አለችው። ቁጡ ሰሃኗን ነበር የምታየው። አሁን ልናገር አለች በሆዷ። ነገ ፈተና ነው አለች ደግሞ።

ከዚያ ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ይጮህ ጀመር። «ጨው ላቀብልዎት?» ትላለች እናቷ፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው እስኪሰማ። አባቷ «ደህና ይደሩ» ሲል ጎረቤት ይመልሳል። ሁሉም እየጮኸላቸው አባባ የቀራቸውን ጆሮ የሚለኩበት ነገር አጡ። እናቷ በፋርማሲው በኩል የጆሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘች፤ ለወሩ መጨረሻ። አባባ ራት ላይ ዜና መንገር ተዉ። የነገው አየር ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም፤ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ጃንጥላ ወጥተው በሰበሱ።

ሐሙስ ፈተናው ደህና ሆነ። በጣም ደህና። ያ ራሱ አበሳጫት።

የፈተና ወረቀቱን አስረክባ ስትወጣ ለጓደኛዋ ነገረቻት። ጓደኛዋን ላስቲክ ነው የሚሏት፤ የትም ብትገባ ተስባ ትወጣለች።

«አንቺ፣ ሊቅ ነሽ» አለች ላስቲክ። ሳቀች። የቁጡን ፊት ስታይ ተወችው። «እሺ፣ አታካብጂው። ባወረድሽበት መንገድ አውጪው። በቀን አንድ ቀጭ። ጆሮዬ ዳነ ይላሉ፣ ይደሰታሉ፣ አለቀ። ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

«አየሽ? ፈታ በይ።»

ቁጡ ወደ ቤት ስትሄድ ቆጠረች። ከሦስት እስከ አሥር ሰባት ቀን ነው። ሐኪሙ ጋ ሳይደርሱ ያልቃል። ጥሩ ሒሳብ ነው፤ ስህተት የለውም። በሩን ከፍታ ስትገባ አባባ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቋት። በዚህ ሰዓት፣ ከሬዲዮው በሚለዩባት ብቸኛ ሰዓት፣ ከሽማግሌ ጓደኞቻቸው ጋር ዳማ ቤት ነበር መገኘት ያለባቸው።

«ዳማ የለም ዛሬ?»

«ተውኩት። ተሰናብቻቸው መጣሁ። የማልሰማ ሰው ምን አደርጋለሁ? ሲስቁ በኔ ነው እላለሁ።» እጃቸውን አወዛወዙ፤ ነገሩ ትንሽ ነው ለማለት። «ይልቅ ስሚ። ያንን የኔን ስፒከር አባትሽ አውርዶ አንቺ ክፍል ይስቀልልሽ ብዬዋለሁ። ያንቺ አሮጌ ነው፣ የኔ ጥሩ ነው። ለኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ምን ያደርግልኛል? አንቺ ስሚበት። ቴክኒሻኑ ቅዳሜ ይመጣል። ፈተናሽንም ጨርሰሻል።»

«ሳይንስ ሰኞ ይቀረኛል» አለች ቁጡ።

«ምን አልሽ?»

«ሳይንስ ይቀረኛል» ብላ ጮኸች። ራሷን ጠላችው።

ሐሙስ ማታ ማዞሪያውን አራት ላይ አላደረገችውም። ዓርብም። ሁለት ጊዜ ሄዳ ተንበረከከች፤ ሁለት ጊዜ ጣቷን አሳርፋ ተነሳች። ጆሯቸው ይድናል፣ እሺ። ከዚያስ? በየማለዳው እየነቁ ጆሮዬ ዛሬስ ትሄድብኝ ይሆን እያሉ ሊሰጉ ነው። ቁጡም ከግድግዳው ወዲህ ሆና ስጋታቸውን ልትሰማ ነው። ላስቲክ ይሄን አላሰበችውም። ላስቲክ ግድግዳ የላትም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ ቴክኒሻኑን ሊቀበል ወጣ። እናቷ ማድ ቤት ነበረች። ሬዲዮው ሳሎንና ማድ ቤት ውስጥ ኳስ ያስተላልፋል። ቁጡ የአባባን በር አንኳኳች፤ ከዚያ ማንኳኳት ሞኝነት መሰላትና ገባች። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳው ላይ ያለውን ስፒከር ያዩታል። ሥሩ ወንበር አስጠግተዋል፤ ቴክኒሻኑ እንዲቆምበት።

«አባባ፣ ይነሱ። አንድ ነገር ላሳይዎት።»

ሳትጮህ ነው ያለችው። አባባ ቀና አሉ፤ ከንፈሯን አዩ፤ ተነሱ። እጃቸውን ይዛ ሳጥኑ ጋ ወሰደቻቸውና ጠቋሚ ጣታቸውን ማዞሪያው ላይ አደረገችው። አባባ ጣታቸውን እንደተቃጠለ ሰው መለሱት።

«ኧረ ተይ፣ ማንም አይንካ ይላል።»

«ይንኩት። ስንት ላይ ነው?»

ጎንበስ አሉ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉት። ብዙ ቆዩ።

«ሦስት።»

«አዎ።»

«ከስንት?»

«ከአሥራ ሁለት። እኔ ነኝ፣ አባባ። ፈተና ስለነበረብኝ። በቀን አንድ አንድ እያልኩ... ጆሮዎ ምንም አልሆነም። እንደ ድሮው ነው።»

አባባ አላዩዋትም። ማዞሪያውን በሁለት ጣት ያዙት፤ ማርሽ እንደሚቀይር ሰው፣ ቀስ ብለው። ቀጭ። ቀጭ። ከክፍላቸው የኳስ አስተላላፊው ድምፅ መጣ፤ መጀመሪያ ማንሾካሾክ፣ ከዚያ ወሬ፣ ከዚያ ጩኸት። አሥር ላይ አቆሙ። አንገታቸውን አዘንብለው አዳመጡ። ፊታቸው ላይ የመጣውን ነገር ቁጡ ማየት አልፈለገችም፤ ግን አየችው።

«በቀን አንድ» አሉ አባባ። «አርባ ዓመት ነድቻለሁ፣ ፍሬን እንኳ እንዲህ በልኩ ይዤ አላውቅም።»

«ይቅርታ።»

«ለነዛ ሽማግሌዎች ደነቆርኩ አልኳቸው። አንደኛው ወንበሬን ልውረስ አለኝ። ገና ሳልወጣ ተቀመጠበት።»

አባባ አልተቆጡም። ያ ከቁጣ ይብሳል፤ ቢቆጡማ እሷም ትመልስ ነበር።

የውጪው በር ተከፈተ። አባቷና ቴክኒሻኑ መሰላል ተሸክመው ገቡ። እናቷ ከማድ ቤት ብቅ ብላ በሙሉ ጉሮሮዋ፣ «አባባ፣ ቴክኒሻኑ መጥቶልዎታል» አለች።

«አትጩሂብኝ። እሰማለሁ።»

መሰላሉ በአየር ላይ ቆመ።

«ይሰማሉ?» አለ አባቷ።

«እሰማለሁ። ሁለት ለአንድ እየተመራን ነው።»

ቴክኒሻኑ ሳጥኑ ጋ መጥቶ ቁጢጥ አለ። «ምን ሆኖ ነበር?»

ቁጡ አፏን ከፈተች። አባባ ቀደሟት።

«ሽቦ ላልቶ ነው» አሉ። «ልጅቷ አጠበቀችው።» ይህን ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። አንዴም ዞር ብለው አላዩዋትም። በሩን ግን አልዘጉትም።

«ጎበዝ» አለ ቴክኒሻኑ። አባቷ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። እናቷ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጥታ ግንባሯን ሳመቻትና፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ልቤ ሲወልቅ... እኔ ሐኪም ስፈልግ፣ ይቺ ልጅ እዚሁ አገኘችው» አለች።

ማንም አልጠየቃትም። ማንም አይጠይቃትም። የአባባ ክፍል ሬዲዮ አሥር ላይ ነው፣ ግድግዳው መንቀጥቀጥ ጀምሯል፣ ሰኞ ሳይንስ አለ።

«ሽቦ አልላላም» አለች ቁጡ።

ሳሎኑ ውስጥ አስተላላፊው ይጮሃል፤ ጎል ሳይገባ አልቀረም። እናቷ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ምን አልሽ?»

መተው ይቻል ነበር። «ምንም» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ቁጡ ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች፤ የአባባን ማዞሪያ ሳትነካ የሳሎኑን ያዘችና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገች ዜሮ ድረስ አወረደችው። የማድ ቤቱንም አወረደችው። ከአባባ ክፍል በቀር ቤቱ ጸጥ አለ።

ከዚያ ተነሳችና ከመጀመሪያው መናገር ጀመረች።