የናሱ ሰዓት ጀርባ

ለአንድ ዕቃ የሐሰት ዕድሜ የሚሰጥ ሰው የዕቃውን እውነተኛ ዕድሜ ያጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም የራሱን ድርሻ አብሮ ይፍቃል። በኦክላንድ፣ በአንድ የማኅበር አዳራሽ የሆነው ነገር ይህንኑ ያስረዳል።

«ፕሮትራክተሩን ከላዩ ላይ አንሺ» አለ ያብስራ። «ዳኞቹ ሊገቡ ነው።»

ወንጌላዊት ማዕዘን መለኪያውን አላነሳችም። ጠረጴዛው ላይ ያለው የፀሐይ ሰዓት ከናስ የተሠራ ክብ ሳህን ነው። ከመካከሉ እንደ ዓሣ ክንፍ ያዘመመ፣ ጥላ የሚጥል ብረት ወጥቷል። ዙሪያውን የግእዝ ቁጥሮች ከበውታል፤ የእኩለ ቀን ጥላ በሚያርፍበት ቦታ ፮ ተቀርጿል። ያብስራ ከቤቱ ሲያመጣው «ጎንደር የተሠራ፣ ሦስት መቶ ዓመት የሞላው» ብሎ ነበር፤ ካርዱም ላይ በእንግሊዝኛ የጻፈው ይህንኑ ነው።

ያብስራና ወንጌላዊት አብረው በቀረቡበት በዚህ የወጣቶች የሳይንስ ትርዒት የሚያሸንፉ ሁለት ልጆች፣ ከሳን ሆዜ በላይ ባለው ተራራ በትልቁ ቴሌስኮፕ ሰማይ ሲያዩ ያድራሉ። ወንጌላዊት በሐሳቧ ተራራው ላይ ከወጣች ቆይታለች። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እንኳ የሳተርን ቀለበት በዓይኗ ፊት በዝግታ ይንሳፈፍ ነበር።

«ሠላሳ ሰባት ዲግሪ» አለች።

«ሶ ዋት?»

«ክንፉ የሚያዘመው ሰዓቱ በተሠራበት ቦታ ኬክሮስ ልክ ነው። ፖስተሩ ላይ የጻፍነው እኛው ነን! ጎንደር ዐሥራ ሁለት ተኩል ገደማ ናት። የእዚያ ቢሆን ኖሮ ክንፉ ሊተኛ ምንም አይቀረውም ነበር።»

«ሠላሳ ሰባትስ የት ነው?»

«እዚሁ አጠገባችን። የእናንተ ቤት ያለበት፣ ሳን ሆዜ።»

ያብስራ ሳቀ። «ኦኬ፣ መርማሪዋ፣ ያዝሽኝ። አያቴ፣ አባባ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው የሠሩት። ኮምጣጤና ጨው ስቀባው አረንጓዴ ሆነ። ጀርባው ላይ የሆነ ጽሑፍ ነበር፤ አዲስ ስለሚመስል በሞረድ ፋቅኩት። ቺል በይ፣ ማን ያውቃል?»

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«እኔ መች ፊደል አነባለሁ?» ፈገግታው ጠፋ። «ደሞ አባባ ለእህቶቼ አልጋ ሠሩ፣ ሣጥን ሠሩ። ለእኔ ምንም ሳይሠሩልኝ ሞቱ። ቢያንስ ይሄ ተራራው ላይ ያውጣኛ!»

ወንጌላዊት ሳህኑን ገለበጠችው። የምታዘቀዝቅ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አዳራሹን በማር ቀለም ሞልታዋለች፤ ትንንሽ የአቧራ ብናኞች በብርሃኑ ውስጥ እንደ ከዋክብት ይዋኛሉ። ሳህኑን ወደ ብርሃኑ ስታጋድመው፣ ሞረዱ ጠርጎ ያልጨረሳቸው ጭረቶች ከናሱ ውስጥ አንድ በአንድ ነቁ። ድምፅዋን አውጥታ አነበበች፦

«ለያብስራ። በተወለድህበት ዓመት። አያትህ ገብረ ሥላሴ። ሳን ሆዜ፣ ፳፻፬።»

ያብስራ ሳህኑ ላይ አጎነበሰ። ከዚያ «ድገሚው» አላት።

ደገመችው። ጣቱን ዘርግቶ የፋቀውን ቦታ ዳሰሰ። ፀሐይዋ ግን ከጣሪያዎቹ ጀርባ ገብታ ነበርና ፊደሎቹ ተመልሰው ሰጠሙ።

«የለም» አለ ያብስራ፤ «ወዴት ሄደ?»

ከበሩ በኩል የዳኞቹ ድምፅ ተሰማ። ያብስራ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ወንጌል፣ ፕሊስ፣ አትንገሪያቸው። ተራራውን እናጣዋለን፤ አንቺም ጭምር።»

«አውቃለሁ።»

ሳተርን ለመጨረሻ ጊዜ በዓይኗ ፊት ዞረ። ወንጌላዊት እስክሪብቶ አንሥታ ካርዱ ላይ «ጎንደር» የሚለውን ሰረዘች፤ ከሥሩም «ሳን ሆዜ፣ ፳፻፬ ዓ.ም.» ብላ ጻፈች።

የዳኞቹ ሰብሳቢ እትዬ የሺሃረግ ካርዱን አነበቡ። ሳህኑንም ገልብጠው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ማን ነው የፋቀው፣ ልጆቼ?»

ወንጌላዊት ወደ ያብስራ ዞረች። መልሱ የእሷ አልነበረም።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ያብስራ።

ሥራው ከውድድሩ ተሰረዘ። ያብስራ ለሁለት ዓመት እንዳይወዳደር ተከለከለ፤ ተራራው ላይም ሌሎች ልጆች ወጡ። ናሱን ለቅርጽ ባለሙያ ወስዶ ቢያሳይ፣ ሰውየው አዲስ ጽሑፍ ሊቀርጽለት እንደሚችል፣ የአያቱን እጅ ግን መመለስ እንደማይችል ነገረው። ያብስራ አሁን ስሙን ማየት ሲፈልግ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይጠብቃል። ጉም ከባሕር በሚገባባቸው ቀናት አያየውም።