ፊደሉ ያለበት ጥግ

በከተማችን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልተገደለም። እኔ በምጠብቃት ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ግን ባለፈው ወር ብቻ ሃያ ሰባት ሬሳ ገብቷል።

ሥራ ስጀምር የፍቅር ልብ ወለዶች ሙሉ ግድግዳ ነበራቸው። የወንጀል መጻሕፍት የነበረቻቸው ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ ያለችው አንዲት መደርደሪያ ብቻ ነበረች። ከዚያ ወንጀሉ እንደ አረም ተስፋፋ። መጀመሪያ የጉዞ መጻሕፍቱን ዋጠ፣ ቀጥሎ የአትክልቱን፣ በመጨረሻም ፍቅርን ገፍቶ ሽንት ቤቱ በር ላይ አደረሰው። ሽፋኖቹ ሁሉ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ፤ ደረቅ ሜዳ፣ ብቸኛ ቤት፣ የከበደ ሰማይ። ታሪኩም ያው ነው፤ ዝናብ የራቃት ትንሽ ከተማ፣ ወደ ተወለደበት የተመለሰ መርማሪ፣ ሁሉም የሚያውቀው ማንም የማይናገረው ነገር። የትልቋ ከተማ የአዴሌድ ደራሲዎች ከእኛ አቧራ ይህን ያህል ደም መጭመቃቸው ይገርመኛል።

«አሮጊቶች ገዳይ የሚይዙበት አዲስ መጽሐፍ መጣ?» ይሉኛል ወይዘሮ ዊልማ ሆኪንግ፣ የንባብ ማኅበራችን ሰብሳቢ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው።

«መጥቷል፤ አራት ሰው ተራ ይዟል።»

«እስኪደርሰኝ እኔው ራሴ ሬሳ እሆናለሁ፣ የኔ ቆንጆ።»

እኔ ጄና ትሬዚዝ አንድ መጥፎ ልማድ አለብኝ። ማንኛውንም መጽሐፍ የምጀምረው ከመጨረሻው ገጽ ነው። ወንድሜ ዴንዚል ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ምሳ እየበላን ሳለ ስልኩ ጮኸና «መጣሁ» ብሎ ተነሣ። አልመጣም። መኪናው ጨው ሐይቁ ዳር ቆማ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ መጨረሻውን የማላውቀው ነገር ያስፈራኛል።

የእኛ ሰዎች የመዳብ ቆፋሪ ዘሮች ናቸው። ሥጋና ድንች በሊጥ ጠቅልለን እንጋግራለን፤ ፓስቲ እንለዋለን። በአንዱ ጥግ ላይ የባለቤቱ የስም ፊደል በሊጥ ይለጠፋል። የሚበላው ከወዲያኛው ጫፍ ተጀምሮ ነው። ሰው ሥራ ጠርቶት ቢነሣ ፊደሉ ያለበት ጥግ ይቀመጥለታል፤ ማንም አይነካበትም። ጥግ ትቶ የተነሣ ሰው ይመለሳል ማለት ነው።

ዴንዚል ጥጉን ትቶ ነበር።

አባቴ ፔራን ያንን ጥግ በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ማቀዝቀዣው ውስጥ ካስቀመጠው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ፓስቲ ይጋግራል፤ አንዱ ላይ ፒ፣ አንዱ ላይ ጄ፣ አንዱ ላይ ዲ። ማታ የዲን ፓስቲ ያለ አንድ ቃል ለሁለት ቆርጠን እንበላዋለን።

የእውነተኛ ወንጀል ታሪክ እንደ ትኩስ ዳቦ በሚሸጥበት ሰሞን ሁለት ወጣቶች ማይክራፎን ይዘው መጡና ስለ ዴንዚል ስምንት ክፍል ፖድካስት፣ በኢንተርኔት የሚደመጥ ዝግጅት፣ ሠሩ። በስምንተኛው ላይ «አባትየው ለምን አያለቅስም?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልሰጡም፤ መጠየቁ ብቻውን በቂ ነበር። አባቴ ሸርጣን ሻጭ ነው፤ ከእሱ የሚገዙት ሰዎች በግማሽ ቀነሱ።

ሌፍቴሪ ካሉዲስ የመጣው በየካቲት ሙቀት ነው። ከእኔ ቀድሞ ያየው የመጨረሻውን ገጽ ገልጬ የያዝኩትን መጽሐፍ ነበር።

«እሱ ነገር ወንጀል ነው» አለኝ።

«ምኑ?»

«ከመጨረሻው መጀመር። የስንታችንን ጉሮሮ እየዘጋሽ እንደሆነ አታውቂም።»

ደራሲ መሆኑ ያኔ ገባኝ። የጻፈው መጽሐፍ ከእነዚያ አቧራማ መጻሕፍት አንዱ ነበር፤ አሁን ደግሞ ስድስት ክፍል ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሊሆን ነው፣ ቀረጻውም እዚሁ እኛ ከተማ። የድራማውን ጽሑፍ የሚያትምበት ቦታ ፍለጋ ነበር የገባው። አባቱ አዴሌድ ውስጥ ዓሣ ሻጭ ናቸው፤ ገጠርን የሚያውቀው ከመኪና መስኮት ነው።

«መጽሐፍህን አንብቤዋለሁ» አልኩት። «በጎቹ በየካቲት ይወልዳሉ።»

«አይወልዱም እንዴ?»

«አንተ በዚህ ሙቀት ትወልዳለህ?»

ሳቀ። ስቆ ሲያበቃ ዓይኑን ከእኔ አላነሣም፤ እኔም ከእሱ አላነሣሁም። ማተሚያው ወረቀቱን ጨርሶ ዝም ካለ በኋላ እንኳ ሁለታችንም እንደ ቆምን ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ይመጣል፤ ማተሚያ ቢያስፈልገውም ባያስፈልገውም። ስለ ሥራው ያጫውተኛል። «ዛሬ ተመልካቹ ገዳዩን ማወቅ ብቻ አይበቃውም» አለኝ አንድ ቀን። «መታለል ይፈልጋል። በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ በጣም በወደደው ሰው።»

«እኔ መታለል አልፈልግም።»

«አውቃለሁ» አለና እጄን ያዘው።

ስለ ጥጉ የነገርኩት ያን ቀን ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር፤ ለማይክራፎኖቹም፣ ለፖሊስም። ቅዳሜ ቤት ወሰድኩት። አባቴ በአራተኛው ፓስቲ ላይ ኤል ለጥፎ ጠበቀው። ሌፍቴሪ ደንቡን አያውቅምና ከፊደሉ ጀምሮ ገመጠ። አባቴ በስንት ዓመቱ ሳቀ።

«ስምህን በላኸው እኮ፣ ጎበዝ። አሁን ብትነሣ የማን መሆኑን በምን እናውቃለን?»

«አልነሣም» አለ ሌፍቴሪ፣ እኔን እያየ።

ወደድኩት። ሃያ ሰባቱ ሬሳ ምስክሬ ነው፣ እንደ ሞኝ ወደድኩት።

የድራማው ስድስተኛ ክፍል ምሥጢር ነበር። ተዋንያኑ እንኳ ገዳያቸውን አያውቁም፤ ዛሬ እንዲህ ነው፣ አንድ ሰው መጨረሻውን ኢንተርኔት ላይ ከጣለው የሁለት ዓመት ድካም ገደል ይገባል። አንድ ማክሰኞ ጽሑፉ እንዳትመው ከድራማው ሰዎች ተልኮልኝ «ሳይነበብ ይታተም» የሚል ማስጠንቀቂያ ነበረበት። እጄ ግን ልማዱን አልተወም፤ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ።

መርማሪዋ ከበረዶ ማቀዝቀዣ የወጣ አንድ የፓስቲ ጥግ ትመረምራለች። በጥጉ ላይ ያለው የጥርስ ምልክት የጠፋው ልጅ አይደለም፣ የአባቱ ነው። አባትየው ልጁን ገድሎ ምሳውን ራሱ በልቶለታል። ጥጉን የተወው ቤተሰቡ ይመለሳል ብሎ ዕድሜ ልኩን እንዲጠብቅ ነው።

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ወይዘሮ ሆኪንግ መጽሐፍ ሊመልሱ ገብተው ነበር።

«ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

እንባዬ ቀደመኝ፣ ነገርኳቸው። ለማንም እንደማይናገሩ ማሉልኝ። ወይዘሮ ሆኪንግ ምሥጢር መጠበቅ ይችላሉ፤ ብቻ አብረዋቸው እንዲጠብቁ ሌላ አሥር ሰው ይመለምላሉ። ሐሙስ ዕለት የአባቴ የሸርጣን መሸጫ መዝጊያ ላይ አንድ ሰው በቀለም «የት ቀበርከው?» ብሎ ጽፎ አደረ።

ሌፍቴሪ ያን ቀን ሲመጣ በሩ ላይ አቆምኩት።

«የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩት።»

ፊቱ ተለወጠ። «የትኛውን?»

«ስንት አባት ነው ገዳይ ያደረግኸው?»

«ጄና፣ መናገር አልችልም። ፈርሜያለሁ።»

«ጥጉን ለአንተ ብቻ ነው የነገርኩህ። ለአንተ ብቻ።»

 ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ የፖድካስቱ ልጆች «አባትየው ለምን አያለቅስም?» ካሉ በኋላ ያስተጋባው ዝምታ ነው። በሩን ዘጋሁበት፣ እስኪመሽ የመለስኩትን መጽሐፍ የት እንደ ደረደርኩት አላውቅም።

ቅዳሜ አባቴ አልጋገረም። በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያው ነው። ወጥ ቤት ስገባ የቀብር ልብሱን ለብሷል፤ ሸርጣን የሚጭንበት የበረዶ ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል፣ ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለው ጥግ አለ።

«ወዴት ነው፣ አባዬ?»

«ፖሊስ ጣቢያ። ጥርሴን ይለኩት።»

«ድራማ እኮ ነው።»

«ፖድካስቱም ወሬ ነበር።»

ሣጥኑን በሁለት እጄ ያዝኩት። መንገዱ ሩቅ ነው፣ ቀኑ አርባ ሁለት ዲግሪ። «ይቀልጣል፤ ከዴንዚል የቀረን እሱ ብቻ ነው።»

«ይቅለጥ። በረዶ ውስጥ ያስቀመጥኩት ለልጄ ነው፣ እንዲያስፈርድብኝ አልነበረም።» ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «አንቺስ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቅሽኝም።»

መዋሸት እችል ነበር። ግን በቤታችን የቀረችው እውነት ያቺው ብቻ ነበረች።

«አንድ ቀን» አልኩት። «ስምንተኛውን ክፍል የሰማሁ ቀን። ያን ቀን ብቻ ተጠራጠርኩህ።»

ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሣጥኑን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሌፍቴሪ ነው፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ወረቀት ይዟል።

«አቶ ትሬዚዝ፣ ጄና ያነበበችው ገጽ ማሳሳቻ ነው። ሾልኮ ቢወጣ ሰው እንዲሳሳት ተብሎ የሐሰት መጨረሻ እንጽፋለን። ሁሉም ሥራ እንዲህ ሆኗል አሁን። እውነተኛው ይኼ ነው። ለእርስዎ በማሳየቴ ከሥራ እወጣለሁ፤ ግድ የለም።»

ተቀመጥኩ። አባቴ ግን ወረቀቱን አልተቀበለም።

«እኔ ገደልኩት ብለህ ታምናለህ?»

«በፍጹም።»

«ታዲያ ስለምን እኔን መረጥከኝ?»

ሌፍቴሪ የዘረጋውን ወረቀት ሰበሰበ። «ማሳሳቻ ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያምነውን ነገር ፈለግሁ» አለ። «የሐሰት ነው፣ ማንም አያነበውም ብዬ የማይነካውን ነካሁ። ይቅርታ ብልም አይበቃም።»

«አሃ» አለ አባቴ። «ሰው ሁሉ ወዲያው የሚያምነው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ማይክራፎን በሌለበት፣ ማንም በማይጠይቅበት፣ አባቴ አለቀሰ። እኔም ከጎኑ። ሌፍቴሪ በሩ ላይ እንደ ቆመ ቀረ፤ ግባም ውጣም የሚለው አላገኘም።

«እስቲ አንብብልኝ» አለ አባቴ ቆይቶ።

አነበበ። በእውነተኛው መጨረሻ ገዳይ የለም። መርማሪዋ መዝገቡን ሳትዘጋ ትሄዳለች። አንድ አባት ወጥ ቤት ውስጥ ሊጥ ይቆርጣል፣ የልጁን ፊደል ይለጥፋል፣ ምድጃውን ይዘጋል። በቃ።

«የድራማው ሰዎች እሺ ይሉሃል?»

«አይሉኝም። ተመልካቹ መልስ ይፈልጋል ይላሉ።»

«እኔም እፈልጋለሁ» አለ አባቴ። ጥጉን ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ ማቀዝቀዣው መለሰው።

ሰዎቹ እሺ አላሉትም። ሥራውን ተቀማ፣ ስሙም ከድራማው ተፋቀ። እኔም አላናገርኩትም። ማሳሳቻ መሆኑን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ የነገርኩትን ያን ያህል በቀላሉ ማንሣቱ ሌላ ነገር። ለአባቴ ብቻ መልእክት ላከ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ሊሄድ መሆኑን፣ ከመሄዱ በፊት ሊሰናበተው እንደሚፈልግ።

ቅዳሜ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ አራት ፓስቲ ምድጃ ውስጥ ነበር። 

ሌፍቴሪ መጣ፣ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ከሳህኑ አላነሣም። በዚህ ጊዜ ግን ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። ቀስ ብሎ በላ። ኤል ያለችበት ጥግ ስትቀር ቆመ፣ አፉን ጠረገ፣ ተነሣ።

«መጣሁ» አለ።

ዴንዚልም ሲነሣ ያላት ቃል ያቺው ነበረች። በሩ ተዘጋ። አባቴ ጥጉን በሌላ ሳህን ከደነውና ማቀዝቀዣው ላይ ዓይኑን ጣለ፣ ከዚያ እኔ ላይ።

ዘጠኝ ዓመት ጠብቄያለሁ፤ መጠበቅን ማንም አያስተምረኝም። ጥግ ትቶ የሄደ ይመለሳል የሚባለውን እንደምናምን አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ እውነት አለመሆኑንም አውቃለሁ። ከሳህኑ ሥር ጥጉን አነሣሁና ሮጥኩ።

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል። ሌፍቴሪ ደረጃው ላይ አንድ እግሩን አሳርፏል።

«ረስተኸው ሄድክ» አልኩት እያለከለክሁ።

«አልረሳሁም። ትቼው ነው።» አለ። «ደንቡ እንደዚያ ነው ብለሽኛል።»

«ደንቡን አውቀዋለሁ። እኛ ቤት የሚጠበቅ ጥግ አንድ ይበቃናል።»

ሾፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። «ልጆች፣ ልትሄዱ ነው ወይስ ምሳ ልትበሉ?»

ሌፍቴሪ ከደረጃው ወረደ። ጥጉን ከእጄ ተቀብሎ ለሁለት ቆረሰው፣ ግማሹን ሰጠኝ። አውቶቡሱ አቧራ አልብሶን ሄደ፣ እኛም እዚያው መንገድ ዳር ቆመን በላነው።