ስሙን ያልቀየረው ፈንክሽን

ሟቹ መሐንዲስ ይሞክረው ከነበረው የሮቦት ክንድ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ክንዱ ያወረደው ሸክም ደረቱን ደቁሶታል። መርማሪዋ አይታው ቀና ስትል የሙከራ ክፍሉ በጩኸት ተናወጠ።

«ገዳይ! የእናትህን ልጅ በላኸው!»

የሟቹ ሚስት የባሏን ታናሽ ወንድም ለማነቅ ትታገላለች። እሷም እዚያው የሌላ ክንድ ኃላፊ ናት። ወጣቱን የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «ችኩሌ» ይለዋል፤ አሁን ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቀርቷል።

የመሥሪያ ቤቱ አለቃ መሐል ገባ። «እኔ ምን ልጨምር? ክንዶቹ ሁሉ ሸክም ሲያወርዱ ‹አውርድ› የሚባል አንድ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድ የጋራ የኮድ ትእዛዝ፣ ይጠራሉ። መጀመሪያ ክብደት፣ ቀጥሎ ፍጥነት ይልኩለታል። ይሄ ችኩል ለማንም ሳይናገር ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። የወንድሙ ክንድ ክብደት ብሎ የላከውን ፈንክሽኑ ፍጥነት ነው ብሎ ተቀበለ። በቃ፣ ሸክሙ እንደ መብረቅ ወረደ!»

«እርስዎ ለውጡን መቼ ሰሙ?»

«አስከሬኑ ላይ ቆሜ! ማን ነግሮኝ? ከዚያ ወዲህም ኮዱን የነካ የለም፤ ራሴ ነኝ የዘጋሁት።»

መርማሪዋ ወደ ችኩሌ ዞረች። «ገልብጠሃል?»

«አልክድም። ግን በአዲስ ስም ነው የሠራሁት። ቅደም ተከተል ከተቀየረ ስምም ይቀየራል፤ ክንዶቹ ሁሉ ወደ አዲሱ እስኪዛወሩ የድሮው አይነካም። ይህን ያስተማረኝ ወንድሜ ነው።»

መርማሪዋ ኮዱን በስክሪኑ አየች። «አሁን ግን የተገለበጠው የድሮውን ስም ይዟል።»

«እኔ አይደለሁም!»

«ውሸታም!» አለች ሴትዮዋ።

«እመቤቴ፣ የእርስዎ ክንድ ቁጥሮቹን የሚልክበትን የኮድ መስመር ሰሞኑን ነክተውታል?»

«ፈጽሞ! ለምን እነካዋለሁ?»

«እስቲ ሰው ያርቁና ሸክም ያውርዱበት።»

ሴትዮዋ እየተነጫነጨች ቁልፉን ተጫነች። ሸክሙ እንደ ላባ ቀስ ብሎ መሬት ነካ። የቀሩትም ክንዶች እንዲሁ። ሴትዮዋ የራሷን ኮድ ከፍታ አየችና ድምጿ ሰለለ። «ተገልብጧል... የኔ መስመር ተስተካክሏል። እኔ ግን አልነካሁትም።»

መርማሪዋ የክንዶቹን ኃላፊዎች ሁሉ ሰበሰበች።

«ችኩል ሰው ሁሉንም ሰብሮ ይሄዳል። እዚህ ግን አንድ ሰው ፈንክሽኑን በድሮው ስም አስገብቶ፣ የሁሉንም ክንድ መስመር አስተካክሎ፣ የሟቹን ብቻ ትቷል። የሌላ ክንድ ሸክም ቀድሞ ቢወድቅ ሟቹ ይጠነቀቅ ነበራ! የሌላውን ክንድ ኮድ መክፈት የሚችል ማን ነው?»

ዓይኖች ሁሉ አለቃው ላይ አረፉ።

«ረስቼው ይሆናል!» አለ አለቃው። «አንዱ አምልጦኝ—»

«ሲያስተካክሉ አመለጠዎት? ለውጡን እኮ የሰሙት አስከሬኑ ላይ ቆመው ነው።»

አለቃው ወደ በሩ አፈገፈገ፤ ከመርማሪዋ ጋር የመጡት ፖሊሶች ግን መንገዱን ዘጉበት።

«ባሌ ‹ክንዶቹ ሰው ይጎዳሉ፣ ለደንበኛው ርክክብ አልፈርምም› ብሎት ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ይሄ ሰውዬ ‹ታየኛለህ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን አይጥ በበላ ዳዋ መታሁ።»

ፖሊሶቹ አለቃውን ይዘው ወጡ። ሴትዮዋ ይቅርታ አልጠየቀችም። ወደ ግድግዳው ሄዳ የችኩሌን እጅጌ ያዘች።

«ና። ወንድምህን እናንሣው፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው።»