ከባቱ በኩል «አለሁ» ያለኝ

እኔ በእንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ አማቴ ሌሊት ኮቴ ሰማሁ ባሉ ቁጥር «አይጥ ነው እማማ፣ ወጥመድ ልግዛልዎት» እያልኩ የማናድዳቸው ሰው ነኝ።

ሥራዬ ኔትወርክ ነው፣ እዚሁ አዳማ። የመሥሪያ ቤታችን የባቱ መስመር ሲበጠስ ራውተሩ፣ መረጃውን በየመንገዱ የሚመራው ማሽን፣ ቶሎ አይነቃበትም፣ ሌላ መንገድ እያለለት መረጃውን በሞተው መስመር ሲልክ ይቆያል፣ ስድቡን የምንጠጣው ግን እኛ ነን። ስለዚህ የአዳማውና የባቱው ራውተር ባንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግመው «አለህ?» «አለሁ» እንዲባባሉ ልናደርግ ነበር፣ አንዱ ዝም ካለ ሌላው ወዲያው መንገድ ይቀይራል። ይኼ የሚሠራው ትእዛዙ ሁለቱም ጋ ሲገባ ብቻ ነው፣ ልብ በሉልኝ። የባቱን የሚይዘው ጓደኛዬ ጉታማ ነበር፣ ሁልጊዜ እሱ የራሱን ጨርሶ ወደ ቢሮዬ ስልክ ሚስኮል ያደርግልኛል፣ ከዚያ እኔ የኔን አስገባለሁ።

ጉታማ ሳያስገባው ሞተ። ሆዴን ብሎ እንደተኛ ቀረ፣ ጫልቱንና ልጆቹን ጥሎ።

ከቀብሩ በኋላ ባለው እሑድ ቤት መቀመጥ አቃተኝ፣ ከሰዓት ቢሮ ገባሁና የሚተካው ሰው እንዳይቸገር ብዬ የኔን ወገን ብቻ አስገባሁ። ጣቴን ሳላነሳ የጠረጴዛው ስልክ አንዴ ጮኸና ቆመ። ስክሪኑን ሳየው ባቱ መልሷል። እመኑኝ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው፣ መሞቱን ረስቼው።

ለባቱው ዘበኛ ለጋሽ በቀለ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ክፍል ሰው ገብቷል እንዴ?»

«ኧረ ልጄ፣ ማን ይገባል? መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም፣ ባትሪውም አልቋል። ይኸው በመስኮት እያየሁት ነው፣ ድርግም ብሏል።»

ከድምፃቸው ሥር ግን ኪቦርድ ሲነካካ ይሰማኛል።

«አጠገብዎ የሚጽፈው ማነው?»

«ብቻዬን ነኝ፣ ልጄ።»

ስልኩን ዘግቼ ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። «ጉታማ፣ ጂርታ?» አልኩት በኦሮምኛው፣ አለህ ወይ ብዬ፣ ስክሪኑን።

ሰኞ ተተኪው ባቱ ገብቶ ፈተሸ፣ እዚያ ምንም የተጻፈ ነገር የለም፣ የኔ ስክሪን ግን አሁንም ባቱ «አለ» ይላል። አለቃችን «የውሸት ምልክት ነው፣ ያሳስተናል፣ አጥፋው» አለኝ። ዛሬ ነገ እያልኩ አባበልኩት፣ መጨረሻ ላይ ግን እንጀራ ነውና ሰረዝኩት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ጫልቱ ደወለች፣ ስለ ማሽኑ የነገራት ሰው የለም።

«ወንድሜ፣ እብድ ናት ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ከሞተ ወዲህ ሲመሽ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ እሰማው ነበር፣ ልጆቹንም መጣላችሁ እያልኩ አስተኛቸው ነበር። ዛሬ ቀረብኝ። ምን አስቀይሜው ይሆን?»

«ምንም አላስቀየምሽውም» አልኳት፣ ያደረግኩትን ግን ደበቅኋት። በነጋታው ማንንም ሳልጠይቅ መልሼ አስገባሁትና ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ፣ ከባቱ የመለሰ የለም። ጫልቱ እስካሁን በሩን ሳትቆልፍ ነው የምታመሸው።