የሌላ ሰው የጆሮ ምልክት

«ይሄኛውስ ምን ይላል? እሱም ስለ ፈረሱ ነው?» አለች ራንቬይግ፣ አፏ በብስኩት እንደተሞላ።

ሄርዲስ የጓደኛዋን ፍርፋሪ ከደብዳቤው ላይ አራገፈች። አንድ የሰሜን አይስላንድ ጋዜጣ አጭር ልቦለዷን ካወጣላት ወዲህ ስድስት ደብዳቤ ደርሷታል። ገበሬ ከማመስገን በፊት ማረም ይወዳልና አንዱ «በዚያ ቁልቁለት ፈረስ አይወርድም!» ብሎ ተቆጥቷል። አንዲት ሴትዮ ግን በጎቹ በመስከረም ከተራራ የሚወርዱበትን ክፍል ለታመመ ባሏ ሁለት ጊዜ አንብባለታለች። ሄርዲስ ደስታው እንቅልፍ ነስቷት ነበር። ይሄኛውን ደብዳቤ ግን ጮክ ብላ አነበበችው።

«ልጄ፣ በታሪክሽ ያለችው በግ ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ ግራው ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ይህ በስሜ የተመዘገበ የእኔ በጎች ምልክት ነው። እርሻዬን ከዘጋሁ ሃያ ዓመት ሆነኝ፤ በጎቼን የሚያስታውስ ሰው ያለ አልመሰለኝም። አያትሽ ኮልቤይን ነግሮሽ መሆን አለበት። በአንድ አውራ በግ ተጣልተን፣ እሱ እስኪሞት ድረስ አልተነጋገርንም። ለካስ ያነሳኝ ነበር! አመሰግንሻለሁ። ምልክቱን በስምሽ ላዛውርልሽ እፈልጋለሁ። ስቴይንዶር።»

ራንቬይግ ብድግ አለች። «የራስሽ ምልክት! በአሥራ አራት ዓመትሽ!»

«አያቴ ስማቸውን አንስቶ አያውቅም» አለች ሄርዲስ። «ምልክቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። መዝገቡን እንኳ አላየሁም።» የበግ አርቢ ልጅ ሆና፣ የእያንዳንዱ ምልክት ባለቤት የተጻፈበትን መዝገብ ሳታይ መጻፏ አሳፈራት።

«ታዲያ ማን ያውቃል? ሞኝ አትሁኚ፣ አፍሽን ያዢ። እሳቸው ደስ ብሏቸዋል፣ አንቺም ምልክት ታገኛለሽ። ማን ይጎዳል?»

ሄርዲስ የሚጎዳ ሰው ፈልጋ አጣች። የራሷን ምልክት ከልጅነቷ ጀምሮ ትመኛለች፤ ጠቦቶቿ ሁሉ የአባቷን ነው የያዙት። ሦስት ቀን ሙሉ አሰበችበት፤ ደብዳቤውን ባነበበች ቁጥር «ለካስ ያነሳኝ ነበር!» የሚለው ጋ ስትደርስ ንባቧን ታቋርጣለች።

ቅዳሜ፣ መምጣቷን አስቀድማ በስልክ አሳውቃ፣ ስቴይንዶር ወደሚኖሩበት የአረጋውያን መኖሪያ በአውቶቡስ ሄደች። ሽማግሌው ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ የማዛወሪያውን ቅጽ ሞልተው ይጠብቋት ነበር። በትኩስ ፓንኬክ ላይ ክሬም አድርገውላታል።

«አያቴ ስለ እርስዎ ምንም አልነገረኝም» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። ከተቀመጠች እንደማትናገረው ታውቃለች። «ምልክቱን ከራሴ ነው ያመጣሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ምንም?»

«ምንም።»

ሄርዲስ በልቧ «ምነው ባልመጣሁ» አለች።

«አያትሽ ግትር ነበር» አሉ። «እኔም ከሱ አልሻልም። አንዳችን እንዳንቺ መጥቶ እውነቱን ቢናገር ኖሮ፣ ነገሩ በአንድ ከሰዓት ያልቅ ነበር።» ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ምስጋናዬን ግን መልሼ አልወስደውም፣ ልጄ። በጎቼ ከተራራ ሲወርዱ አይቻለሁ፤ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። በይ፣ ፈርሚ።»

ቅጹን ገፋ አደረጉላት። ሄርዲስ እስክሪብቶውን አነሳች፣ መልሳም አስቀመጠችው።

«መጀመሪያ ስለ አውራ በጉ ይንገሩኝ።»

«ረጅም ነው። አውቶቡስሽ ያመልጥሻል።»

ሄርዲስ ጃኬቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ሰቀለችና ተቀመጠች።