ከጀልባችን በላይ የነበረው

ልማል? እሺ... በእመቤቴ ይሁንብኝ፣ ከዚህ በታች የምታነቡት ሁሉ በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ማስረጃ ለሚፈልግ ቀኝ ክንዴን አሳየዋለሁ። ሁለት ቦታ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ቦታው ሮተርዳም፣ ከሻርሎይስ ሰፈር ጥግ ያለው ዋልሀቨን ወደብ። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1981፣ ወሩ የካቲት።

አዘዘ እባላለሁ። ያኔ ከመርከብ ወርጄ ጥገኝነት የጠየቅኩ ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራችን በትንሽ ጀልባ እየዞርን ከትልልቅ መርከቦች ቆሻሻ መሰብሰብ ነው። ሦስት ነን። ጀልባውን የሚነዳው ቪለም የሚባል ሆላንዳዊ... ጋሽ ኪዳነ... እና እኔ።

ጋሽ ኪዳነ ኤርትራዊ ናቸው። አማርኛውን የለመዱት ምጽዋ፣ ባሕር ኃይል ሲያገለግሉ ነው። ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው። ሲቆጡኝም ሲያባብሉኝም "ወደይ" ይሉኛል። ልጄ ማለታቸው ነው።

የዚያን ቀን ቪለም ወደ ውሃው እያየ "ሚስት... ሚስት..." ይላል።

"ሚስቱ ምን ሆነች?" አልኳቸው ጋሽ ኪዳነን።

ሳቁ። "ጉም ማለቱ ነው እንጂ! በነሱ ቋንቋ ሚስት ማለት ጉም ነው።"

እኔም ሳቅሁ። ጀልባዋ ላይ የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ እሱ ሆነ።

ጉሙ ከጀልባዋ አጠገብ ካለው በቀር ምንም አያሳይህም። ቪለም ሞተሩን ቀነሰና ሬዲዮውን ከፈተ። በጉም ጊዜ የሚመራን የወደቡ የራዳር ሰው ነው። እኛን በስክሪኑ እያየ ግራ፣ ቀኝ ይለናል። ደች ገና ስላልገባኝ ጋሽ ኪዳነ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል።

"ከኋላችሁ ያለው ጀልባ የማን ነው?" አለ የራዳሩ ሰው።

ዞር አልን። ምንም የለም።

"ማንም የለም" አለ ቪለም።

"አለ እንጂ። ወደ እናንተ እየቀረበ ነው።"

ጆሯችንን ጣልን። የሞተር ድምፅ የለም... የቀዘፋ ድምፅ የለም...

ቪለም ወደ ግራ ታጠፈ።

"እሱም ታጠፈ" አለ ሬዲዮው።

ያኔ ነው ወፎቹን ያየኋቸው። እነዚያ ነጫጭ የባሕር ወፎች ቆሻሻ ስንጭን እየጮሁ ነው የሚከተሉን። አሁን ውሃው ላይ ተቀምጠው ጭጭ ብለዋል። ሁሉም አንገታቸውን ወደ ላይ ቀስረዋል።

"ጋሽ ኪዳነ... ወፎቹን..."

"አይቻለሁ። ዝም በል።"

የራዳሩ ሰው ድምፅ ተንቀጠቀጠ። "አሁን ተደራርባችኋል። እሱም እናንተም አንድ ቦታ ላይ ናችሁ... ምንድነው የሚታያችሁ? ቪለም? ምንድነው የሚታያችሁ?"

የሞተራችን ድምፅ ተለወጠ። ውሃ የሚገፋ ሞተር ያጉረመርማል። የኛ ግን ማፏጨት ጀመረ... አየር እንደሚቀዝፍ።

ጋሽ ኪዳነ በጠርዙ ጎንበስ ብለው ክንዳቸውን ወደ ውሃው ሰደዱ። እስከ ብብታቸው ድረስ።

እጃቸው ደረቅ ሆኖ ተመለሰ።

"ውሃው የለም" አሉ በሹክሹክታ።

"ምን?"

"ወደይ... ውሃው ከስራችን የለም።"

ወዲያው የመርከብ ጡሩንባ ሰማን። ጡሩንባው የጮኸው ከታች ነው።

ከሩቅ... ከታች።

ቪለም አበደ። ሊዘል ጠርዙ ላይ ወጣ። ጋሽ ኪዳነ ወገቡን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱት። "ምን ያህል ከፍ እንዳልን አታውቅም! ትሞታለህ!" እያሉ። ቪለም አልሰማም። ገመድ የምንስብበትን የብረት መንጠቆ አንስቶ ፊታቸው ላይ አሳረፈው።

ጥርሳቸው ሲረግፍ ሰማሁ። እንደ ጠጠር ወለሉ ላይ ተንከባለለ።

ልገላግል ስገባ ክንዴን መታኝ። አጥንቴ ቀጭ አለ። ደገመኝ። እንደገና ቀጭ...

ጋሽ ኪዳነ ደም እየተፉም አልለቀቁትም።

ድንገት ቪለም መታገሉን ተወ። መንጠቆው ከእጁ አመለጠ።

አልወደቀም። ወደ ላይ ሄደ።

ቀጥሎ የቪለም እግር ከወለሉ ተነሳ።

የሚጎትተው ነገር አላየሁም። ገመድ የለም፣ እጅ የለም፣ ጉም ብቻ ነው። ጋሽ ኪዳነ ክንዱን ጨብጠው አብረው ተንጠለጠሉ። እኔ በደህናው እጄ የሳቸውን እግር አቀፍኩ። ቪለም እንደሚታረድ በሬ ይጮሃል። ትከሻው ከመጋጠሚያው ሲላቀቅ ሰማሁት።

እጅጌው ተቀደደ። ጋሽ ኪዳነ ላዬ ላይ ወደቁ።

ጩኸቱ ወደ ላይ ራቀ... ራቀ... ተቆረጠ።

ያኔ ጀልባው ወደቀ።

ሆስፒታል ስነቃ ደህናው እጄ በካቴና ከአልጋው ጋር ታስሯል። ጋሽ ኪዳነ ከጎኔ እንደኔው ታስረዋል። ከየት እንደመጡ ያልነገሩን ሁለት ሰዎች ራሳችን ላይ ቆመዋል።

"የት ጣላችሁት?"

"ወደ ላይ ሄደ" አልኩ።

አንደኛው የተሰበረ ክንዴን ጨብጦ ጠመዘዘው። ዓይኔ ጨለመ።

"የት ጣላችሁት?"

ገዳይ ተብለን እድሜ ልካችንን ወህኒ ልንበሰብስ እንደሆነ ገባኝ። ያዳነን የቪለም አስከሬን ነው። ከወደቡ ማዶ፣ ከአንድ ረጅም የእህል መጋዘን ጣሪያ ላይ ተገኘ። ያልተሰበረ አጥንት አልነበረውም። እዚያ ጣሪያ ላይ እኛ ልናወጣው አንችልም። ፈቱን። "አፋችሁን ዝጉ" ብቻ አሉን።

ቀብሩ ላይ ሚስቱ ኮሪ ፊታችን ላይ ተፋች። "ውሃ ላይ የነበረ ሰው እንዴት ጣሪያ ላይ ይሞታል? ምን አደረጋችሁት?"



ዓመታት አለፉ። በፈረንጆቹ 1988 የሆላንድ መንግሥት በሰማይ ስለታዩ ያልታወቁ ነገሮችና በራዳር ስለተያዙ ምልክቶች ደብቆ ካቆየው መዝገብ ከፊሉን ለሕዝብ ከፈተ። ኮሪ የባሏን ፋይል ጠይቃ አገኘች። ከፋይሉ ጋር የሬዲዮው ካሴት ነበር። ደውላ ጠራችን።

"አብራችሁኝ ስሙ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ የድሮው ጥላቻ የለም። ፍርሃት ነው ያለው።

ዴን ሃግ ከተማ፣ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። የቢሮው ሠራተኛ ካሴቱን ከፈተልን። የሞተሩ ፉጨት... የጋሽ ኪዳነ ጩኸት... የቪለም ጩኸት... የጀልባው መሰንጠቅ። ከዚያ ዝምታ።

"አላለቀም" አለ ሠራተኛው። "ቀጥሎ ያለው የተቀዳው በዚያው ቀን ምሽት፣ አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ነው። ጀልባችሁ ሰጥማ፣ ሬዲዮውም አብሮ ሰጥሞ ነበር።"

ካሴቱ ተንጫጫ። ከዚያ...

"እዚህ ጉም የለም።"

ቪለም ነው። ተረጋግቷል።

"ጥርት ብሏል። ሁሉም ይታያል። ኮሪን አያታለሁ... ወጥ ቤት ቆማለች። ሳህን ሰብራ እየለቀመች ነው።"

ኮሪ አፏን በእጇ ከደነች። "ሰብሬ ነበር" አለች። "ሰብሬ ነበር..."

"ትጠብቀኝ" አለ ቪለም።

ካሴቱ አለቀ።

ስንወጣ እኩለ ቀን ነው። ፀሐይ፣ ጥርት ያለ ሰማይ። ትራም ፌርማታው ላይ ሦስታችን ብቻ ነን። ኮሪ ራቅ ብላ ቆማለች።

መጀመሪያ ያየሁት ሻርፗን ነው።

ነፋስ የለም። የዛፍ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም። የሻርፗ ጫፍ ግን ከትከሻዋ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል።

"ጋሽ ኪዳነ..."

ቀበቶአቸውን እየፈቱ ነበር። ግራ እጄን ከፌርማታው የብረት ምሰሶ ጋር ጠፍረው አሰሩት። እስኪያመኝ አጠበቁት።

"እርስዎስ?"

ወደ ኮሪ ሮጡና ወገቧን በሁለት እጃቸው አቀፉ። ኮሪ ቀና ብላ ፈገግ አለች። ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

እግሯ ከመሬት ለቀቀ። ከዚያ የሳቸው።

"ይልቀቋት!" ብዬ ጮህኩ። "ጋሽ ኪዳነ፣ ይልቀቋት!"

አልለቀቁም። ሁለቱም ወደ ላይ ራቁ... ከዓይኔ ጠፉ።

ትራሙ ደወሉን እያሰማ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሹፌሩ ፊቴን አየ፣ የታሰረ እጄን አየ።

"ትገባለህ?" አለኝ።

ቋጠሮውን በጥርሴ ታገልኩት። አልፈታ አለኝ።

ከላይ አንድ ትኩስ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈ...